የካስታኛ ልጆች የት ነው የሚያድጉት? ከካዣሪ ወንዝ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

በአማዞን ደን ውስጥ አንድ ትልቅ የብራዚል ለውዝ ዛፍ ሥር እንደቆማችሁ አስቡ። ግንዱን ለማቀፍ ሦስት አራት ሰው እጅ ለእጅ መያያዝ አለበት። ቁመቱ እስከ 50 ሜትር ይደርሳል። ቅርንጫፉ የሚዘረጋው የሌሎቹ ዛፎች ጫፍ ካበቃ በኋላ ነው። መሬት ላይ የአምና ፍሬ ቅርፊት ተበታትኗል። አሁን ጎንበስ ብላችሁ ልጁን ፈልጉ። አንድ ክንድ የምታህል ችግኝ፣ ጣት የምታህል ቡቃያ። ብዙ ጊዜ የለም። ሃምሳ እርምጃ ሂዱ፣ አሁንም የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በየዓመቱ መቶዎች ፍሬ የሚያወርድ ዛፍ፣ ሥሩ ልጅ የለውም።

ይህን ለውዝ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከውጭ በሚመጣ የተቀላቀለ የለውዝ ፓኬት ውስጥ ነው። ከካሹው፣ ከአልሞንዱና ከኦቾሎኒው መሀል ትልቁ፣ ሦስት ማዕዘን መሳዩ፣ ሲቆረጠም ቅባት ቅባት የሚለው እሱ ነው። እኔም ለዓመታት እንደ ሌሎቹ በእርሻ የሚመረት ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። በዓለም ገበያ ላይ ያለው የብራዚል ለውዝ ሁሉም ማለት ይቻላል ከዱር የሚለቀም ነው። በብዛት ወደ ውጭ የምትልከውም ስሙ የተሰጣት ብራዚል አይደለችም፣ ጎረቤቷ ቦሊቪያ ነች። ደኑ ካልወለደ ገበያውም የለም። ስለዚህ የልጁ ነገር ቀላል ጥያቄ አይደለም።

የአገሬው ሰው ፍሬውን ካስታኛ ይለዋል። እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውና ሰዎቹ

ጉዳዩ የሚወስደን ወደ ብራዚል አማዞን ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ወደ አማፓ ግዛት ነው። በግዛቱ ደቡብ ካዣሪ የሚባል ወንዝ አለ። በወንዙ ዙሪያ 500 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆን ጥብቅ ቦታ ተከልሏል። ጥብቅ ሲባል ሰው የማይገባበት እንዳይመስላችሁ። በፖርቱጋልኛ የሚሰጠው ስም ሰዎች ከደኑ እየለቀሙ የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ እንደ ማለት ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ የመጠቀም መብቱ ግን የነዋሪው። በላይኛው ካዣሪ ሰዉ ካስታኛ ይለቅማል። በታችኛው፣ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ፣ አሳዒ የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ ያወርዳል።

ይህ መብት በቀላሉ አልመጣም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የአጎራባቹ የዣሪ ወንዝ ሸለቆ በሙሉ ዦዜ ዡሊዮ ደ አንድራዴ በሚባል አንድ ሰው እጅ ነበር። ሰዎች "ኮሎኔል" ይሉታል። ለቃሚው ካስታኛውን ለእሱ ብቻ ይሸጣል፣ ጨውና ጨርቁንም ከእሱ መደብር በዱቤ ይወስዳል። ዕዳው መቼም አያልቅም። ከዚያ በ1967 ዳንኤል ሉድዊግ የሚባል አሜሪካዊ ቢሊየነር መጣና በዚያው አካባቢ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ገዛ። ደኑን መንጥሮ ከእስያ የመጣ ግሜሊና የሚባል ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ተከለ። የወረቀት ጥሬ ዕቃ ሊያወጣበት ነበር። ፋብሪካው ጃፓን ተሠርቶ በ1978 በባሕር ተጎትቶ ደረሰ። በ1982 ሉድዊግ ከስሮ ተወው። የተተከለው ዛፍ እንደታሰበው አላደገለትም።

ከአገሩ ሌላ ጫፍ ደግሞ፣ በአክሬ ግዛት፣ የጎማ ወተት ቀጂዎች ለደናቸው ይታገሉ ነበር። መሪያቸው ቺኮ ሜንዴስ በታኅሣሥ 1988 ሻፑሪ በምትባለው ከተማው በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት እነዚህን የለቃሚ ጥብቅ ቦታዎች የፈቀደው። በአክሬ በቺኮ ሜንዴስ ስም የተሰየመውና የካዣሪው በአንድ ወር፣ በማርች 1990 ታወጁ። ይህን ታሪክ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የካዣሪ ሰው ከ1990 በኋላ ነው መሬቱን ለልጁ እንደሚያቆይ አድርጎ ማሰብ የቻለው። ችግኝን መተው ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ላለ ሰው ብቻ ነው።

የሰዉ ኑሮ በሁለት እግር ይቆማል። ዝናቡ ሲጠና ካስታኛ ይለቅማል። በበጋው ትንሽ ደን ወይም ቁጥቋጦ መንጥሮ ያቃጥልና ካሳቫ ይተክላል። ከካሳቫው ፋሪኛ የሚሉት በየምግቡ ላይ የሚነሰነስ የተቆላ ዱቄት ይወጣል። ማሳው ሁለት ሦስት ዓመት ይታረሳል። ከዚያ ይደክማል፣ ጦም ያድራል። ገበሬው ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ይመለስበታል። ይህን አሠራር በየአገሩ የግብርና ባለሙያ ሲረግመው ኖሯል። እዚህ ጉዳይ ውስጥ ግን ዋናው ቁልፍ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከፍሬ እስከ ቡቃያ

ካስታኛ ለመውለድ ከባድ ዛፍ ነው። አበባው በጠንካራ ቆብ የተከደነ ስለሆነ ቆቡን አንስቶ መግባት የሚችለው ጉልበት ያለው ትልቅ ንብ ብቻ ነው። የደን ንቦች ናቸው እነዚህ። ቀፎ ውስጥ የምናረባቸው አይደሉም። አበባው ፍሬ ለመሆን ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ፍሬው ክብ ነው፤ እንጨት ነው ማለት ይቻላል፤ ከአንድ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ከ40 ሜትር ላይ ሲወርድ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ለቃሚዎች አብዛኛው ፍሬ ወርዶ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ነፋስ ባለበት ቀን ዛፉ ሥር አይገቡም።

በፍሬው ውስጥ ከ10 እስከ 25 የሚደርሱ ለውዞች እንደ ብርቱካን ክፍል ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ለውዝ ደግሞ የራሱ ጠንካራ ልብስ አለው። ሰው በገጀራ ደጋግሞ መትቶ ነው የሚከፍተው። ከሰው ሌላ ይህን ቅርፊት በወጉ የሚከፍት አንድ እንስሳ አለ፤ አጉቲ ይባላል። የአገሬው ሰው ኩቲያ ይለዋል። ከአይጥ ወገን ነው፤ መጠኑ ግን ከጥንቸል አያንስም፤ ጥርሱ መሮ ነው። ፍሬውን በስቶ ለውዞቹን ያወጣል፤ የጠገበውን ይበላል፤ የቀረውን አንድ አንድ እያደረገ ይቀብራል። ጥቂት ሜትር፣ አንዳንዴም ጥቂት አስር ሜትር ርቆ፣ ቅጠል አልብሶ። ለክፉ ቀን ነው የሚያስቀምጠው። ረስቶት የቀረው ወይም እሱ ራሱ ሞቶ የቀረው ለውዝ ይበቅላል። የካስታኛ ደን በሙሉ፣ አባቱም አያቱም፣ ከአጉቲ መርሳት የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ግን ቆይታ አለው። የተቀበረው ለውዝ ልብሱ እስኪላላ ድረስ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል መሬት ውስጥ ይተኛል። ሲነቃ ከአንዱ ጫፍ ሥር፣ ከሌላው ጫፍ ግንድ ያወጣል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። እኛ የምንቆረጥመው ነጭ ነገር እንደ ባቄላ ክክ ለሁለት የሚከፈል አይደለም። ገና ያልተዘረጋ ግንድ ነው፤ ስንቁን ሁሉ በራሱ ውስጥ ይዟል። ቡቃያዋ ሁለት ሦስት ቅጠል አውጥታም ቢሆን ያ ስንቅ ከእግሯ ሥር እንዳለ ነው። አጉቲም ያውቃል። ቅጠሏን ምልክት አድርጎ ይመጣና ይቆፍራታል፣ ስንቋን ይበላል። በጠዋት የነበረች ቡቃያ ማታ የለችም። ከዚህ ሁሉ አልፋ የተረፈችው ደግሞ ጥላ ይጠብቃታል። በበሰለ ደን ወለል ላይ ብርሃን ጭላንጭል ነው። ቡቃያዋ አትሞትም፣ ግን አታድግም። ከላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሰማይ እስኪከፈትላት ትጠብቃለች። ብዙዎቹ ሲጠብቁ ያልቃሉ።

የ2003ቱ ደወል

በታኅሣሥ 2003 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። መሪው ካርሎስ ፔሬስ የሚባል ብራዚላዊ የደን ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበር፤ በብራዚል፣ በፔሩና በቦሊቪያ የሚሠሩ በርካታ ተመራማሪዎች አብረውት ነበሩ። 23 የካስታኛ ደኖችን አነጻጸሩ። አንዳንዱ ለረጅም ዘመን በኃይል የተለቀመ፣ አንዳንዱ ለስሙ ያህል የተነካ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ያልተለቀመ። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ነበር። በኃይል በተለቀሙት ደኖች ከ60 ሴንቲ ሜትር የቀጠነ ዛፍ የለም ለማለት የሚያስደፍር ነበር። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር በሉት። ባልተለቀሙት ደኖች ግን ልጅም ጎረምሳም አለ።

ነገሩ ብዙ ሰው አስደነገጠ፤ ልክም ነበር። ያን ጊዜ የብራዚል ለውዝ ለዓለም የሚቀርበው እንደ ምሳሌ ነበር። ደኑን ሳትቆርጥ፣ ፍሬውን እየሸጥክ መኖር ይቻላል የሚለው ሐሳብ ዋና ማስረጃ። አሁን ፍሬ መልቀም ራሱ ደኑን ቀስ አድርጎ የሚገድል ከሆነ ምን ይቀራል? ለቃሚዎቹን መውቀስም ተጀመረ። ዘሩን ሁሉ ወሰዳችሁ፣ አጉቲውን አድናችሁ በላችሁ ተባሉ።

ሌላ ድምፅም ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2002 ፒተር ዛይዴማና ሬኔ ቦት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከቦሊቪያ ያመጡት ውጤት የተለየ ነበር። የዛፎቹን ልደት፣ ዕድገትና ሞት ቆጥረው ሲያሰሉ፣ አብዛኛው ዘር እየተለቀመም ደኑ ለአስርት ዓመታት ይቆማል አሉ። በ2008 ደግሞ በአክሬ ሉሲያ ዋድትና ካረን ካይነር ከባልደረቦቻቸው ጋር ለረጅም ጊዜ የተለቀሙ ሦስት ደኖችን አጠኑ። ልጅ አለ አሉ። በቂ ቡቃያ፣ በቂ ጎረምሳ።

እንግዲህ ማን ይታመን? እኔ ሁለቱም ወገን ያየውን በእውነት አይቷል እላለሁ። በጣም በተለቀመ፣ አጉቲው በታደነ፣ ለአንድ መቶ ዓመት ዘር ተሸክሞ በተወጣበት ደን ልጅ ቢጠፋ አይገርምም። ግን ጥያቄው አንድ ጎን ብቻ ነበረው። ሁሉም የሚፈልገው በበሰለው ደን ውስጥ፣ በእናቲቱ ዛፍ ዙሪያ ነበር። ገበሬው ትቶት የሄደውን ቁጥቋጦ ገብቶ ያየ ጥቂት ነው።

ካዣሪ ላይ ምን ተገኘ

በዚያው በ2008 በአክሬ የተሠራ ሌላ ጥናት ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ጦም ባደረ መሬት ላይ ያለው የካስታኛ ቡቃያ ከበሰለው ደን በልጦ ተገኘ። በ2011 ደግሞ ካዣሪ ላይ ፓውሎ ፓይቫ፣ ማርሴሊኖ ጌዴስና ክላውዲያ ፉኒ የደረሱበት ነገር ታተመ። እነዚህ ሰዎች አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ጦም ያደረ መሬት ከደን ይበልጣል ወይ ብለው ብቻ አላበቁም። ይህ መሬት ስንት ጊዜ ታርሶ ስንት ጊዜ ጦም አደረ ብለው ጠየቁ። መልሱ እንዲህ ነው፤ የታረሰበት ዙር በበዛ ቁጥር የካስታኛው ቁጥር ይጨምራል።

መጀመሪያ ሳነበው ደግሜ አነበብኩት። ምንጣሮና እሳት ዛፍ ሲያበዛ ማን ሰምቶ ያውቃል? ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

አጉቲን አስቡት። ትንሽ ነው፣ ሥጋው ይወደዳል። ጃጓርም ሰውም ይፈልገዋል። ገላጣ የሆነው የደን ወለል አይመቸውም። መደበቂያ ይፈልጋል፤ የተጠላለፈ ሐረግ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ። ጦም ያደረ መሬት ልኩ ነው። በዚያ ላይ ካሳቫ አለ፤ አጉቲ ካሳቫ ይወዳል። ስለዚህ በደኑ ውስጥ ያገኘውን ለውዝ በአፉ ይዞ ወደዚያ ቁጥቋጦ ይሮጣል፤ እዚያ ይቀብራል። ዘሩን ከእናቲቱ ጥላ አውጥቶ ብርሃን ያለበት መሬት ያደርሰዋል። ጦም ያደረው መሬት ለካስታኛ ደን ቅርብ ከሆነ ቡቃያው የሚበዛውም ለዚህ ነው። አጉቲ ሩቅ አይሄድም።

ቀጥሎ ብርሃን። ካሳቫ ማሳ ላይና ገና ወገብ በደረሰ ቁጥቋጦ መሀል ፀሐይ እንደ ልብ ነው። በደን ጥላ ሥር ለዓመታት ክንድ ሳታህል የምትቆየዋ ችግኝ እዚህ በጥቂት ዓመት ከሰው ቁመት ታልፋለች።

ዋናው ምሥጢር ግን ከመሬት በታች ነው። ካስታኛ ያቆጠቁጣል። ብትቆረጥ፣ ብትቃጠልም፣ ሥሯ በሕይወት ካለ ከእግሯ ሥር አዲስ ግንድ ታወጣለች። በበጋ ማሳው ሲቃጠል ቅጠሏ ይነዳል፣ ግንዷ ይከስላል። ዝናብ ሲመጣ ከዚያው ጉቶ ቀይ ለስላሳ ቅጠል ብቅ ይላል። ሥሩ አሮጌ ነው፤ ጉልበት አጠራቅሟል፤ ስለዚህ አዲሱ ግንድ ከዘር ከተነሳ ቡቃያ ይቀድማል። አንድ ዙር እርሻ ሲያልፍ የቆዩት አያልቁም፤ አጉቲ ያመጣቸው አዲሶቹ ይጨመራሉ። በሁለተኛው ዙር እንዲሁ። የዙሩ ብዛት ቁጥሩን የሚጨምረው በዚህ መንገድ ነው። ሌሎቹ ብዙ የደን ዛፎች እሳትና ቆረጣ ሲደጋገምባቸው ይሸሻሉ። ካስታኛ ይቀራል።

እዚህ ላይ የአርሶ አደሯ እጅ አለ። ሴትዮዋ ካሳቫውን ስታርም ጎንበስ ብላ ገጀራዋን ከመሬት ጋር አጋድማ ነው የምትሄደው። አረም ሁሉ እኩል ይታጨዳል። በመሀል ረዘም ያለ፣ ጠርዙ እንደ ማዕበል የሚወዛወዝ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ገጀራው ዞር ይላል። በዙሪያዋ ያለውን አረም በእጇ ትነቅላለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ከጥቂት ሰኮንድ በላይ አልፈጀባትም። ይህን የሚያስተምር ማሠልጠኛ አልነበረም። ቅጠሉን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፣ በቃ። ለእኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህች የገጀራ መዞር ናት። የተፈጥሮ መራባት ስንል ሰው የሌለበት ነገር እየመሰለን ነው ብዙ የምንሳሳተው።

ይህ አዲስ ነገር አይመስልም። በመካከለኛው አማዞን ባለችው በማናውስ ከተማ አቅራቢያ ያሉ ካስታኛዎችን የዕድገት ቀለበት የቆጠረ በ2019 የወጣ ጥናት ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ከዛፎቹ መካከል ዕድሜያቸው ከሦስት መቶ ዓመት የሚያልፍ አሉ። ሙራ የሚባሉትና ሌሎች የአካባቢው ተወላጆች በቅኝ ገዢዎች በተመቱበት ዘመን አዳዲስ ካስታኛ መወለዱ ቀነሰ። ሰው ሲጠፋ ልጁም አብሮ ጠፋ። በትሮምቤታስ ወንዝ ደግሞ ሪካርዶ ስኮሌስና ሮጄሪዮ ግሪቤል ያገኙት ደን ሽማግሌ የበዛበት ነው። እርሻ ከራቀ የቆየ ቦታ ነው። ሰው እየኖረ በሚያርስበት የማዴይራ ወንዝ አካባቢ ግን ወጣት ዛፍ ብዙ ነው። ሁለቱም ቦታ ካስታኛው ይለቀማል። ልዩነቱን ያመጣው ለቀማው ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል።

የተሳሳተ ትርጉም እንዳይሰጠው

ከዚህ ተነስቶ ደን ማቃጠል ጥሩ ነው የሚል ካለ ጉዳዩ አልገባውም። ካዣሪ ላይ የሚሠራው ነገር አምስት ነገሮች አብረው ስላሉ ነው የሚሠራው። ማሳው ትንሽ ነው። ዙሪያው ደን ነው። እናት ዛፎቹ ቅርብ ናቸው። አጉቲው አለ። መሬቱ ለማረፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይፈርሳል።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ወደ ፓራ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ማራባ ከተማ አካባቢ ይሂድ። እዚያ የነበረው የካስታኛ ደን በስፋት የከብት ግጦሽ ሆኗል። በብራዚል ሕግ ካስታኛን በተፈጥሮ ደን ውስጥ ለእንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። የ2006ቱ ድንጋጌ ተቆርጦ ዳግም የበቀለውንም ደን ይጨምራል። ስለዚህ ከብት አርቢዎቹ ሌላውን ሁሉ ሲመነጥሩ ካስታኛውን ትተውታል። ሕጉ ተከብሯል። ዛፉ ግን በሰፊ የሣር ሜዳ መሀል ብቻውን ቆሟል። አበባውን የሚከፍቱት ንቦች ከደኑ ጋር ሄደዋል፤ ፍሬ የለም። አጉቲ የለም። ሣሩን ለማደስ በሚለኮሰው እሳት ግንዱ ዓመት ዓመት ይገረፋል። ደርቀው የቆሙት ዛፎች የበዙበትን ሜዳ ሰዎች የካስታኛ መቃብር ይሉታል። የሽማግሌውን ግንድ የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ የቡቃያዋን መሬት የሚጠብቅ ግን ሲበዛ ደካማ ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ካዣሪም ከአደጋ ውጭ አይደለም። ሰው ሲበዛና የፋሪኛ ዋጋ ሲጨምር ገበሬው ወደ አሮጌው ማሳ ቶሎ ይመለሳል። ጦም የሚያድርበት ጊዜ ያጥራል። ካስታኛዋ ታቆጠቁጣለች፤ ግን ፍሬ የምታፈራበት ዕድሜ ሳትደርስ ዳግም ትቆረጣለች። መቶ ጊዜ ብታቆጠቁጥ ምን ዋጋ አለው? ጉቶ ሆና ነው የምትኖረው። ድርቅም አለ። ከ2015 እና 2016ቱ የኤልኒኞ ድርቅ በኋላ የ2017 ምርት በመላው አማዞን ክፉኛ ወድቆ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። እንዲህ ባለ ዓመት ካሳቫ ላይ መደገፍ ይበዛል፤ ጫናው ደግሞ በዚያው ቁጥቋጦ ላይ ያርፋል።

የብራዚሉ የግብርና ምርምር ድርጅት ኤምብራፓ አማፓ ቅርንጫፍ ከዚህ ግኝት ተነስቶ "ካስታኛ በማሳ" የሚል አሠራር ከነዋሪዎቹ ጋር አደራጅቷል። ማርሴሊኖ ጌዴስ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ሐሳቡ ከሴትዮዋ ገጀራ ብዙም አይርቅም። ማሳ ሲመነጠር ቡቃያዎቹ ይቆጠራሉ፣ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ካሳቫው ሲታረም ይጠበቃሉ። ማሳው ጦም ሲያድር ቡቃያ የበዛበት ክፍል ተለይቶ ዳግም አይታረስም፤ ካስታኛ ደን እንዲሆን ይተዋል። ገበሬው ቀድሞ ሳያስበው ያደርገው የነበረው ነገር አሁን ተቆጥሮና ተመዝግቦ ይሠራል። እንግዲህ ወሳኙ ነገር ይህ የመጨረሻው ነው፤ መቼ ማረስ እንደሚቆም መወሰን።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይመስለኝም። ወላይታ ሁምቦ ላይ ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው ከመሬት በታች የቀሩ ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ በመተዋቸውና የበዛው ቅርንጫፍ እየተመለመለ በመጠበቁ ነው። ገበሬው ሥሩ እንዳልሞተ ያውቅ ነበር። በከፋና በጅማ የጫካ ቡና ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል። ቡናው እንዲያፈራ በየዓመቱ ሥሩ ይመነጠራል። በምንጣሮው የዋንዛው፣ የብርብራውና የሌሎቹ ጥላ ዛፎች ቡቃያ አብሮ ይሄዳል። ከላይ ያሉት ሽማግሌዎች ዛሬ ጥላ ይሰጣሉ። የሚተካቸው ግን ገጀራው ዞር የሚልለት ብቻ ነው። ጅማ የሚኖር የቡና ገበሬ ወዳጅ ያለው ሰው፣ ስትመነጥር የቱን ትተዋለህ ብሎ ይጠይቀው። መልሱ ያስተምራል።

ካዣሪ ላይ ታኅሣሥ ሲጠባ የተቃጠለው ማሳ ጥቁር ነው። ካሳቫው ገና ተሰክቷል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲወርዱ ከአመዱ መሀል እዚህም እዚያም ቀይ ቅጠል ይወጣል፤ ከከሰለ ግንድ ሥር፣ ሁለት ሦስት ሆኖ። ገበሬው ከሁለቱ ግንዶች ቀጥ ያለውን ይተዋል፣ ሌላውን ይቆርጣል። አጠገቧ እንጨት ይተክላል፣ በሚቀጥለው አረማ እንዳትሳት። ከደኑ ጫፍ በኩል ደግሞ ካስታኛ መውረድ ጀምሯል። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል።